በወፍጮው ድምፅ ሥር

የናፍጣና የዱቄት ሽታ ተቀላቅሎ ሲደርሰኝ፣ ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨርሼ በጡረታ የተሰናበትሁ ሴት መሆኔን እረሳለሁ። ይህን ያወቅሁት ትሮይቪል በሚባል የጆሃንስበርግ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ሰው ሁሉ በወረርሽኙ ምክንያት ከቤቱ እንዳይወጣ በታዘዘበት ዓመት። ልጄን ሰናይትን ልጠይቅ ጆሃንስበርግ ገብቼ፣ የመመለሻዬ ቀን ሳይደርስ በረራው ቆመ። እኔም ከእርሷና ከልጅ ልጄ ከሳምራዊት ጋር በአንድ ያረጀ ፎቅ ላይ ከረምሁ። ሰናይት ጀፕ በሚባለው የገበያ ሰፈር የምትነግድበት የልብስ ሱቅ ተቆልፎ ነበር። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ለባብሳ ትነሣና የሱቁን ቁልፍ እንደያዘች መስኮቱ ዘንድ ትቆማለች። እኔም ሥራ የለመደ ሰው ሥራ ሲያጣ እንዴት እንደሚሆን ስለማውቅ ዝም እላታለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ፣ የሆሳዕና ከተማ ልጅ ነው፣ ማቀዝቀዣው እንዳይሞቅበት ጄኔሬተሩን አስነሣ። አፋቸውን ሸፍነው ተራርቀው ለቆሙት ደንበኞቹ ከጆንያ እየዛቀ የበቆሎ ዱቄት ይመዝን ነበር። የጄኔሬተሩ ጭስና የዱቄቱ ብናኝ ተያይዘው ደረጃውን ወጡና እኔ የተቀመጥሁበት በረንዳ ደረሱ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ፣ ከግቢው ማዶ፣ ባባ ሞዮ የሚባሉት የዚምባብዌ ሽማግሌ ጊታራቸውን አንሥተው መዝፈን ጀመሩ። አንዱን አንጓ እርሳቸው ሲሉ፣ ቀጣዩን የልጅ ልጃቸው ትቀበላለች።

«ምን እያሉ ነው?» ብዬ ሳምራዊትን ጠየቅኋት።

«ካንትሪ ነው፣ እማማ። ድሮ የሚወዳት ሴትዮ ነበረች። ጥላው ሄደች። አሁን ሚስ ያደርጋታል።»

«ልጅቷስ?»

«እሷ ደግሞ ሴትዮዋን ሆና ትመልስለታለች። ዱዌት ነው።»

«የልጅ ልጃቸው ሆና ሳለ?»

«እማማ ደሞ፤ ዘፈን ነው እኮ። አክት ነው።»

«አውቃለሁ» አልኋት። «እኔም ሠርቼዋለሁ።»

ስልኳን አስቀመጠች። «አንቺ? ቢሮ አልነበር እንዴ የምትሠሪው?»

«ከቢሮ በፊትም ሰው ነበርሁ።»

መብራት እስኪመጣ ሌላ የምትሠራው ነገር አልነበራትምና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ከደምበጫ ወዲያ ባለች አነስተኛ የገበያ ከተማ ነው። ለከተማዋ የመጀመሪያው የሆነው የሞተር ወፍጮ የቆመው ከእኛ ቤት በታች ሲሆን፣ የሚያንቀሳቅሰው የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ካሳ ነበር። በወጣትነቱ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ከአገር ወጥቶ፣ ብዙ ዘመን በመካኒክነት ከሠራ በኋላ ነበር የተመለሰው። ረጅም፣ ቁጥብ፣ ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል ከደጅ የማይወጣ ሰው ነው። ሚስት አላገባም። ሰው ይህን ሲያነሣበት «ሞተሩ መቼ ጊዜ ይሰጠኛል» ይላል።

እኔ ገና ትንሽ ተማሪ በነበርሁበት በአንድ ዓመት፣ ከመስከረም እስከ ጥር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ምሳውን ይዤለት እወርድና እስከ ማታ እዚያው እውላለሁ። ሥራዬ ዱቄቱ በሚወርድበት በኩል ቆሜ የጆንያ አፍ መያዝ ነበር። ዱቄቱ ከድንጋዩ መካከል ሲወጣ ትኩስ ነው፤ የጤፉ እንደ እርጥብ አፈር፣ የገብሱ እንደ ተቆላ እሸት ይሸታል። ቅንድቤና የዓይኔ ሽፋሽፍት ነጭ ሆነው ስመለስ እናቴ «መጣች አሮጊቷ» ትለኝ ነበር። እኔ ግን በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ከእጄ አንድም የጆንያ አፍ አምልጦ ዱቄት መሬት አልፈሰሰም።

አያ ካሳ ሞተሩ ሲነሣ ይዘፍናል። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ምክንያቱም የሞተሩ ጩኸት ግድግዳውን እያናጋ ሁሉን ነገር ይውጠው ነበር። ከውጭ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች የሚሰሙት ቱፍ ቱፍ የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ግን እህሉ ከሚጨመርበት ከቋቱ ሥር፣ ከእርሱ አንድ ክንድ ርቄ ስለምቆም ቃሉን እየለየሁ እሰማዋለሁ። በአውድማ ላይ በሬዎች ሲያበራዩ እንደሚዘፈንላቸው አውቅ ነበርና፣ ሞተሩም ዘፈን ካልሰማ እህል የማይፈጭ መስሎኝ ነበር። የሚዘፍነውም ይህን ነው፦

*ከወንዝ ማዶ ሆና ልብሷን ስታሰጣ፣*
*ልቤ ተሻገረ እኔ ሳልመጣ።*

ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ ሴት ሆኖ ይመልሳል፦

*ልብህን ከልብሴ አሰጣሁት በጋራ፣*
*ፀሐይ ሳትጠልቅ ና አንተም በተራ።*

የሴቷን ሲል ጉሮሮው ይከዳዋል፤ ያስለዋል። አንድ ቀን እንዲሁ ሲያስለው ጊዜ፣ ሞተሩ እንዳይቆም ሠግቼ እኔ ተቀበልሁለት። ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም። የዘይት ጣሳውን እንደያዘ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ከፍ አድርጊው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሴቷ ድርሻ የእኔ ሆነ። ደብተር ላይ ስርዝ ድልዝ እንደማልወድ ሁሉ፣ ከስንኙም አንዲት ቃል አላጎድልም ነበር።

«ሶ ስዊት» አለች ሳምራዊት። «ሴትዮዋስ የት ሄደች?»

«ቆዪ። ትመጣለች።»

የመጣችው በኅዳር፣ አዝመራው ሲገባ ነው። እትዬ ጥሩነሽ ትባላለች። ከተዳረችበት ሩቅ አገር ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳይኖራት፣ ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷም ወንድሞቿም ሞተው ቤቱ ባዶ ነበር። ለአስተርእዮ ማርያም ቆብ ጭና ልትመነኩስ መቁረጧን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ወፍጮ ቤት ግን ትመላለሳለች። ለብቻዋ የምትኖር ሴት የምትበላው እህል ምን ያህል ነው? እርሷ ግን ትንሽ ቅርጫቷን ይዛ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትሰለፋለች።

በሰልፉ ላይ ምላሷን የማታሳርፈው እትዬ ዘውዴ ነበረች፤ ጠላ ሻጭ ናት። «ጥሩነሽ፣ አንዱን ቁና ጤፍ ቆንጥረሽ ቆንጥረሽ ነው እንዴ የምታመጪው?» ትላታለች።

«ትኩስ ዱቄት እወዳለሁ።»

«ቆብ የሚጭን ሰው ደግሞ ትኩስና በራድ ይለያል? እኔ እኮ መነኩሴ ጥሬ ቆርጥማ የምታድር መስሎኝ።»

ሴቶቹ ይስቃሉ። እትዬ ጥሩነሽም ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሆኖም ተራዋ ደርሶ ወደ ደጃፉ ስትቀርብ፣ አያ ካሳ እህሉን በእኔ እጅ ያስቀብልና ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባል። ቀድሞ የተቀባውን የሞተር ጥርስ እንደገና ዘይት ይቀባል፤ የተጠረገውን ይጠርጋል። እስክትሄድ አይወጣም።

ነገሩ ስለከነከነኝ እናቴን ጠየቅኋት። «እትዬ ጥሩነሽ ማን ናት?»

«የአጎትሽ እህት ናት።»

«እንግዲያ ያንቺም እህት ናታ።»

«የእኔ አይደለችም። ዝም ብለሽ ብዪ።»

በላሁ፤ ግን አሰብሁ። የአጎቴ እህት ሆና የእናቴ እህት ካልሆነች፣ በመሬት ውርስ ተካሰው የተቆራረጡ ዘመዳሞች መሆን አለባቸው ብዬ ወሰንሁ። በእኛ ከተማ እህትና ወንድም የሚኮራረፉት በዚያ ነበርና። ስለዚህም ለአያ ካሳ በጣም አዘንሁለት፤ ያችን ሴትም ጠመድኋት። ቅርጫቷን ስቀበላት ፊቴን አጠቁር ነበር።

«ዌይት፣ ዌይት» አለች ሳምራዊት። «ሲስተሩ ናት?»

ነገሩን እናቴ እኔ ካደግሁ በኋላ እንዳጫወተችኝ አድርጌ ነገርኋት። አያ ካሳ ክርስትና ሲነሣ የክርስትና አባት ሆነው የያዙት የጥሩነሽ አባት ነበሩ። ሁለቱ ልጆች አድገው፣ አንዱ ከወንዙ ወዲህ ሌላዋ ከወንዙ ወዲያ ሆነው ግጥም መቀባበል ሲጀምሩ፣ ይህን የሚያስታውስ አልነበረም። ሽማግሌ ሲላክ ግን አባትየው ተቀምጠው አዳመጡና፣ «እንዴት ልጄን ለልጄ እድራለሁ?» አሉ። ሽማግሌዎቹም ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተነሡ። ማንም አልተቀየማቸውም፤ ሕጉ ሕግ ነው። ካሳ በሳምንቱ በጭነት መኪና ላይ ወጣ። እርሷም ለሩቅ ሰው ተዳረች።

«በቃ? ሰው ሳያማክሩ?»

«ማንን ያማክሩ?»

«አላውቅም። ሶሻል ወርከር።»

ሰናይት ከውስጥ ሆና ሳቀች፤ ሳቋን ከሰማሁ ሰንብቼ ነበር።

ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው ሁሉ እህሉን ይዞ ወደ ወፍጮ ወረደ። ሰልፉ ከደጃፉ አልፎ እስከ መንገዱ ደርሷል። እትዬ ጥሩነሽ ከፊተኞቹ መካከል ነበረች፤ እትዬ ዘውዴም ከኋላዋ። አያ ካሳ ስለ ሰዉ ብዛት መደበቂያ አጥቶ ጀርባውን ሰጥቷት ቋቱን ይሞላል። ሞተሩ ይጮኻል፤ እርሱም የራሱን ድርሻ ዘፈነ። እኔም ጆንያውን ጥርቅም አድርጌ ይዤ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፣ ልብህን ከልብሴ አሰጣሁት በጋራ፣ ብዬ ተቀበልሁ።

በዚያ መካከል ሞተሩን ከድንጋዩ የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከመዘውሩ ወጣ። ድንጋዩ መዞሩን አቆመ፤ ሞተሩም አንድ ጊዜ አጓርቶ ጸጥ አለ። የእኔ ድምፅ ግን ሊያቆም አልቻለም፤ ሁለተኛውን ስንኝ እስከ መጨረሻው ድረስ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ብቻውን አዜመው።

እትዬ ዘውዴ ቀድማ አፏን ከፈተች። «አንቺ ስንዱ፣ ይህንን ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሯችሁ?»

ሳቁ ከደጃፉ እስከ መንገዱ ሄደ። አያ ካሳ ወደ ወደቀው ቺንጋ ጎንበስ አለ። ጎንበስ እንዳለም ቀረ። እትዬ ጥሩነሽ ግን አልሳቀችም። ቅርጫቷን መሬት አኖረችና የበሩን መድረክ አልፋ ገባች፤ ከዚያ በፊት ገብታ አታውቅም።

«ልጄ፣ ጨርሰሽዋል?» አለችኝ።

«ጨርሻለሁ፣ እትዬ።»

«አልጨረስሽም። አንድ ይቀረዋል።»

አልዘፈነችውም። ለልጅ ትምህርት እንደሚያስጠና ሰው፣ ቃል በቃል፣ ረጋ ብላ አለችው፦

*ፀሐይዋ ጠለቀች ልብሱን አጣጠፍሁት፣*
*ያንተን ልብ ብቻ እዚያው አቆየሁት።*

አያ ካሳ ቺንጋውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና አለ። እርሷን ሲያናግራት ስሰማው ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። «ይህ የመቼ ነው?»

«አንተ በሄድህ በማግስቱ።»

«አልሰማሁትም።»

«ሄደህ ማን ይንገርህ? ከመጣሁ ወዲህም ደጅህ ስቆም ከሞተርህ ኋላ ትደበቃለህ። ይህንን በሆዴ ይዤ ቆብ አልጭንም ብዬ እንጂ፣ ጤፉን በእጄም እፈጨው ነበር።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። አንዷ ሴት የልጇን አፍ በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ እትዬ ዘውዴ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ እስከዚያ ቀን ሰምቼው በማላውቀው ልስላሴ፣ «ካሳ፣ ቺንጋውን መልሰው እንጂ። ጥምቀት እኮ ደረሰ» አለችው። እርሱም መለሰው። ሞተሩ ተነሣ። ያን ቀን ግን አልዘፈነም። እኔም ሞተሩ ያለ ዘፈን ሲሠራ አይቼ በጣም ገረመኝ።

በማግስቱ የትምህርት ቤት ልጆች «ሞተር! ሞተር!» እያሉ አባረሩኝ። የከተማው ወሬ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ዞረ። የእትዬ ጥሩነሽ የነፍስ አባት አንድ ነገር ጠይቀዋታል። በደብሩ ልማድ፣ የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ስለሚቆጠር፣ ከጸሎቱ በፊት ከወገኖቹ አንዱ ቆሞ «አሰናብቻለሁ» ማለት አለበት። የእርሷ ወገን ደግሞ ሁሉም አልቋል። የቀራት አንድ የክርስትና ወንድም ብቻ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ በአያ ካሳ አፍ ላይ ወደቀ። እምቢ ቢል ቆቡ ይቀራል፤ እርሷም ከዓለም ትቆያለች። እሺ ቢል ደግሞ ያንን ወንድምነት፣ ዕድሜውን ሙሉ ሸሽቶት የኖረውን፣ በአደባባይ በገዛ አፉ ይቀበላል። በእነዚያ ቀናት ዱቄቱን እያደቀቀ ስለሚያበላሽ ሴቶቹ አጉረመረሙ።

የአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ላይ፣ ወፍጮው ቆሞ እኔ ወለሉን ስጠርግ፣ እትዬ ጥሩነሽ ያለ ቅርጫት መጣች። ጆንያ ላይ ተቀመጠች። እርሱ ቆሞ ነበር።

«አልመጣም ብልሽስ?» አላት።

«እቆያለሁ። መቆየት አያቅተኝም፤ ታውቃለህ።»

«እንግዲያ ቆዪ። ምን ይጎዳሻል? እዚሁ እየመጣሽ… ልጅቷም አለች። እንጫወታለን።»

«የቤተ ክርስቲያኑስ ሕግ?»

«እኔ እንጋባ አላልሁም። እንጫወት ነው ያልሁት።»

 «ካሳ፣ ደክሞኛል። የተሸከምሁትን ሰጥቼሃለሁ። አሁን ልረፍ።»

 እርሷም ተነሥታ፣ ቀሚሷ ላይ የቀረውን ዱቄት አራግፋ ሄደች። እርሱ መጥረጊያውን ከእጄ ወሰደና፣ እኔ የጠረግሁትን ወለል ከጥግ ጀምሮ እንደገና ጠረገው። ልከራከረው አሰብሁና ተውሁት።

«ቤተ ክርስቲያን ሄደ?» አለች ሳምራዊት። ባባ ሞዮ መዝፈናቸውን አቁመው ነበር፤ ከታች የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። «እማማ፣ እኔ ብሆን አልሄድም። ኔቨር።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የተመኘሁት» አልኋት።

በአስተርእዮ ማርያም ጠዋት እናቴ ነጭ ቀሚሴን አልብሳ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ራሷን ተላጭታ፣ ከመጋረጃው ፊት ለፊት ቆማለች። ትንሽ ሆና ታየችኝ። ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «የዚህች ሴት ወገን ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

 እትዬ ዘውዴ አንገቷን አስግጋ ወደ በሩ ተመለከተች። እናቴ እጄን ጨበጠችው። ቄሱ ደግመው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

አያ ካሳ በሰዉ መካከል አልፎ ወደ ፊት ሄደ። ነጠላውን አመሳቅሎ ለብሷል። እጆቹን እስኪቀሉ ድረስ ፈትጓቸዋል፤ ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር ዘይት ግን አልለቀቀም።

«ምኗ ነህ?»

ይህ ጥያቄ ለልማድ ያህል የሚጠየቅ ነው፤ መልሱንም ሁሉም ያውቀዋል። እርሱ ግን ሳይመልስ ብዙ ቆየ። አንድ ሽማግሌ በመቋሚያው መሬቱን ነካ አደረገ።

«ወንድሟ» አለ አያ ካሳ።

«ታሰናብታታለህ?»

ፊቱን ወደ እርሷ አዞረ። እርሷም ቀና ብላ አየችው፤ ሁለቱ ያለ ወንዝ፣ ያለ ሞተር፣ ያለ እኔ፣ ፊት ለፊት ሲተያዩ ያን ጊዜ ብቻ አየሁ።

«አሰናብቻለሁ።»

ከዚያ መሬት ላይ ተጋደመች፤ በነጭ ጨርቅ ሸፈኗትና ካህናቱ ለሞተ ሰው የሚደገመውን ፍትሐት ይደግሙባት ጀመር። እኔ ፍትሐት የሰማሁት አያቴ ስትቀበር ነበር። ስለዚህ አሁንም የሞተች መሰለኝና ከእናቴ እጅ አምልጬ እየጮኽሁ ወደ ፊት ሮጥሁ። አያ ካሳ መንገድ ላይ ያዘኝ። ጭንቅላቴን ከጎኑ አስጠጋና ጎንበስ አለልኝ።

«አልሞተችም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሲጨርሱ ትነሣለች።»

«መቼ ነው የሚጨርሱት?»

«አላውቅም። ዝም ብለሽ ከእኔ ጋር ቁሚ።»

እንባዬን በእጅጌዬ ጠርጌ አጠገቡ ቆምሁ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። እርሱም ዓይኑን ከነጩ ጨርቅ ላይ ሳያነሣ፣ ከሥሩ እስክትነሣ ድረስ ጠበቃት።